ዘይት በል አፈር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከጋራዥ፣ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከእርሻና ከመኖሪያ ቤት የመጡ ቢሆኑም የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ የፈሰሰውን ቆሻሻ ተህዋስያን ይበሉልን ዘንድ ምን እናድርግ? ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። ለዓመታት የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ የፈሰሰበት 6 ሜትር በ5 ሜትር የሚሆን ቦታ አለ፤ ሲቆፈር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ነው። ባክቴሪያ ዘይት እንደሚበላ፣ ማዳበሪያም እንደሚያፋጥነው ሰምቼ አንድ ሙሉ ከረጢት፣ 50 ኪሎ ዩሪያ በትኜ ውኃ አጠጣሁት። ሳምንት ሙሉ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ሸተተ። ይኸው ሦስት ወር ሆነው፤ አፈሩ ግን ያው ጥቁር ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የሚገርመው መጠኑን አልሳቱትም፤ የሳቱት አሰጣጡን ነው። አብረን እናስላው። 6 በ5 በ0.3 ሜትር 9 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1.5 ቶን ቢመዝን 13.5 ቶን አፈር አለዎት። ከመቶው ሁለቱ እጅ ዘይት ነው እንበል (ቁርጡን የሚነግርዎ ላቦራቶሪ ነው)፤ 270 ኪሎ ዘይት ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 230 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ነው። የተለመደው ቀመር ለ100 ካርቦን 10 ናይትሮጂንና 1 ፎስፈረስ ይላል። ስለዚህ 23 ኪሎ ናይትሮጂን ያስፈልጋል። ዩሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጂን ነውና 50 ኪሎው ልክ 23 ኪሎ ይሰጣል። ነገር ግን ይህ የዓመት ቀለብ ነው፤ እርስዎ በአንድ ማዕድ አቀረቡት።

ዩሪያ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ በጥቂት ቀናት ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ዓይንዎን ያቃጠለው እሱ ነው። አሞኒያው የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ) ያንረዋል፤ በአፈሩ ውኃ ውስጥ የሟሟው ጨው ደግሞ ከባክቴሪያዎቹ ገላ ውኃ ይስባል፤ ዘይት ሊበሉ የተዘጋጁትን ያደነዝዛቸዋል። በተግባር የሚያዋጣው በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ አፈር ከ250 ሚሊ ግራም ናይትሮጂን አለማለፍ ነው። ለእርስዎ አፈር ይህ 3.4 ኪሎ ናይትሮጂን ነው፤ 5 ኪሎ ዩሪያና 5 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ተደባልቀው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለው ያርፋሉ። ኤንፒኤስ የምንመርጠው ለፎስፈረሱ ነው፤ 14 ኪሎው የሚያስፈልገውን 2.3 ኪሎ ፎስፈረስ በሙሉ ይሸፍናል። ስለዚህ በየስድስት ወይም ስምንት ሳምንቱ አንድ ድርሻ፣ ኤንፒኤሱ በሦስት ዙር ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ዩሪያ ብቻ። ቀድሞ የበተኑት ግን ገና አፈሩ ውስጥ ስላለ ለሚመጡት ሦስት ወራት ዩሪያ አይንኩ፤ 5 ኪሎ ኤንፒኤስ ብቻ ይስጡት። «ውኃ ለቅቄ ልጠበው» እንዳይሉ፤ ናይትሬቱ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጉድለት ከማዳበሪያውም ይከፋል፦ አልገለበጡትም። አንድ ኪሎ ዘይት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ እስኪለወጥ ከ3 ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይወስዳል። ለ270 ኪሎ ዘይት ወደ 900 ኪሎ ኦክስጅን፣ ማለትም ከ3,000 ሜትር ኩብ የሚበልጥ አየር ያስፈልጋል። መኪና ሲመላለስበት የተደለደለ መሬት ይህን አያስተነፍስም። አፈሩን ቆፍረው ያውጡት፤ ወፍራም ላስቲክ በተነጠፈበት፣ ዙሪያው በአፈር ግድብ በተከበበ፣ ወደ አንድ ጥግ በትንሹ ባዘቀዘቀ ቦታ ላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ያንጥፉት። ጥጉ ላይ የሚጠራቀመውን ውኃ መልሰው አፈሩ ላይ ያፍሱት እንጂ ቦይ ውስጥ አይልቀቁት። አፈሩ ጭቃማ ከሆነ አንድ ሜትር ኩብ የሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የቡና ገለባ ይቀላቅሉበት። ጭድም ይሆናል፤ ግን ጭድ ራሱ ሲበሰብስ ናይትሮጂን ስለሚሻማ ከዘይቱ ቀለብ ይነጥቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ በዶማና በአካፋ ይገልብጡት።

እርጥበቱን በእጅዎ ይለኩ፦ ጨብጠው ሲለቁት እንደ ኳስ ተጣብቆ ቢቀር፣ በጣትዎ መሐል ግን ውኃ ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። ጨርሶ የደረቀ 13.5 ቶን አፈር እዚያ ለመድረስ 2,000 ሊትር ያህል፣ አሥር በርሜል ውኃ ይጠጣል፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ያጠጡት። ክረምት ሲገባ በላስቲክ ይሸፍኑት፤ ውኃ ያቆረ አፈር የታፈነ አፈር ነው።

ናፍጣው በወራት ውስጥ ይቀንሳል። የተቃጠለ ዘይት ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ሊወስድ ይችላል፤ ሬንጅ መሰሉ ክፍል ደግሞ ጨርሶ ላይሄድ ይችላል። ስለዚህ የአፈሩ ጥቁረት መለኪያ አይሁንዎ፤ በየሦስት ወሩ ከአሥር ቦታ እፍኝ እፍኝ አንስተው፣ ቀላቅለው፣ ጠቅላላ የፔትሮሊየም ሃይድሮካርቦን ልኬት ያሠሩ። ከመጀመሪያውም አፈሩ ከመቶው 5 እጅ በላይ ዘይት ከያዘ ለባክቴሪያዎቹም መርዝ ነውና በንጹሕ አፈር አቅጥነው ይጀምሩ። የተቃጠለ ዘይት ዚንክና ሌሎች ብረቶች ስለሚይዝ፣ ዘይቱ አልቆ እንኳ በዚያ አፈር ላይ ጎመን አይትከሉ። እስከዚያው ከመኪናው ሥር ትሪ ያኑሩ፤ ከላይ እየፈሰሰ ከታች ማጽዳት ማለቂያ የለውም።

ጥያቄ፦ ደሴ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «ዘይት የሚበላው ባክቴሪያ የትኛው ነው?» ይሉኛል። ጠንካራ የሆነውን አንዱን ዘር አባዝቶ መርጨት ለምን አይበቃም? በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራስ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ የጠየቁትን በ1970ዎቹ አናንዳ ቻክራባርቲ የተባለ ሳይንቲስትም ጠይቆት ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ሲሠራ፣ የተለያዩ የዘይት ክፍሎችን የመፍጨት ችሎታ የሚሸከሙ ፕላዝሚዶችን (ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶችን) በአንድ ሱዶሞናስ ባክቴሪያ ውስጥ አከማቸ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 በ5 ለ4 ድምፅ የባለቤትነት መብት ይገባዋል ብሎ ስለወሰነ ባክቴሪያው በሕግ ታሪክ ውስጥ ስሙ ቀረ። የፈሰሰ ዘይት ለማጽዳት ግን ተረጭቶ አያውቅም።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 1989 እ.ኤ.አ.፣ ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ወደ 41 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ዘይት አፈሰሰች። በባሕር ዳርቻው ድንጋዮች ላይ የተረጨው ማዳበሪያ ነበር። ዘይት በል ባክቴሪያዎቹ ድሮውንም እዚያው ነበሩ፤ የጎደላቸው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለገበያ የቀረቡ የባክቴሪያ ምርቶች እዚያው ዳርቻ ላይ ተፈትነው፣ ማዳበሪያ ብቻ ካገኙት የአካባቢው ተህዋስያን ጎልቶ የሚታይ ብልጫ አላሳዩም።

ምክንያቱ ዘይት አንድ ነገር አለመሆኑ ነው። በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ ውሑዶች አሉ። ባሕር ውስጥ አልካኒቮራክስ ቀጥ ያሉትን ሰንሰለቶች ይቆርጣል፤ ቀለበት የሠሩትን ሳይክሎክላስቲከስ ይይዛቸዋል። ሌሎቹ ሳሙና መሰል ነገር አመንጭተው ዘይቱን በውኃው ውስጥ ይበትኑታል። አንዱ የጣለውን አሲድ ሌላው ያነሳዋል፤ ባያነሳው ኖሮ የመጀመሪያው በራሱ ቆሻሻ ታፍኖ ይቆማል።

ይህን ለማስረዳት ከሁሉ የሚሻለው የ1967ቱ ታሪክ ነው። ሜታኖባሲለስ ኦሜሊያንስኪ የተባለው ተህዋስ አልኮልን ወደ ሚቴን የሚለውጥ አንድ ዝርያ ነው ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ይታመን ነበር። ብራያንትና ባልደረቦቹ ሲመረምሩት ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱ አልኮሉን ወደ አሴቴት ለውጦ ሃይድሮጂን ይለቃል፤ ሃይድሮጂኑ ሲጠራቀም ግን ያው ሥራው ጉልበት የማይሰጥ ይሆንበታል። ሌላው ሃይድሮጂኑን እየለቀመ ሚቴን ያደርገዋል። ብቻውን የሚያተርፍ የለም። አዲስ አበባ ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ አየር አልባ ገንዳዎችም የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ሽርክና ነው።

ለክፍል ሙከራ አራት ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ ማሰሮ ጠርሙሶች ያዘጋጁ፤ በየአንዳንዱ 200 ግራም ከመንገድ ዳር የተወሰደ እርጥብ አፈርና አንድ የሻይ ማንኪያ ናፍጣ። የመጀመሪያው እንዳለ ይቆይ። ለሁለተኛው አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በአንድ ሊትር ውኃ አሟሙተው 25 ሚሊ ሊትር ብቻ ይስጡት። ሦስተኛው ዩሪያውን አግኝቶ በየሁለት ቀኑ ተከፍቶ ይገለበጥ። የአራተኛውን አፈር ናፍጣው ከመግባቱ በፊት በግፊት ድስት አንድ ሰዓት ይቀቅሉት። በየጠርሙሱ ውስጥ የጠራ የኖራ ውኃ የያዘች ትንሽ ኩባያ ያስቀምጡ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ኖራው ወተት ይመስላል፤ ኩባያውን በየሳምንቱ መቀየር አይርሱ። ናፍጣ ያልገባበት አምስተኛ ጠርሙስ ቢጨምሩ ደግሞ ይመረጣል፤ አፈር ያለ ናፍጣም ይተነፍሳልና።

ጥያቄ፦ ሲዳማ ውስጥ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አስተዳድራለሁ። የፍሳሽ ኩሬያችን በየዓመቱ ይከረፋል፣ ይሞላል፣ ወደ ወንዙም ያመልጣል። «ኢኤም» የሚባለውን ፈሳሽ ገዝተን ጨመርን፣ ኖራም በጆንያ ደፋን፤ ለውጥ የለም። ፍሳሹ እኮ የቡና ስኳር ነው፣ ለምን አይበሰብስም?

መልስ፦ ችግሩ በጣም ፈጥኖ መበስበሱ ነው። ከመፈልፈያው የሚወጣው ውኃ ስኳርና ፔክቲን ተሸክሟል። አሲድ አምራቾቹ ባክቴሪያዎች በአንድ ሌሊት ይደርሱበታል፤ ፒኤቹ ወደ 4 ይወርዳል። አሲዱን ወደ ሚቴን የሚለውጡት ደግሞ አዝጋሚዎች ናቸው፤ ከ6.5 በታችም ሥራ ያቆማሉ። ስለዚህ ኩሬው ኮምጣጤ ሆኖ ይቀራል። ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠው ኢኤም በአብዛኛው ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያና እርሾ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አሲድ አምራች አልጎደለዎትም።

ወደ ወንዝ ሲያመልጥ የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር እንየው። ጥሩ የተራራ ወንዝ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። የኦክስጅን ፍላጎቱ በሊትር 5,000 ሚሊ ግራም የሆነ አንድ ሊትር የቡና ፍሳሽ ታዲያ የ700 ሊትር ወንዝ ትንፋሽ ይጨርሳል። ዓሣውን የሚገድለው መርዝ ሳይሆን ባክቴሪያዎቹ ሲበሉ የሚወስዱት አየር ነው።

ማስተካከያው ከማሽኑ ይጀምራል። የመፈልፈያውን ውኃ አጣርታችሁ መልሳችሁ ተጠቀሙበት፤ ገለፈቱን በውኃ አትግፉት፣ በደረቁ አውጥታችሁ ለብስባሽ ክምር ስጡት። የመጨረሻውን የማጠቢያ ውኃ ከመፈልፈያው ውኃ ለዩት፤ የማጠቢያው ቀጭን ነው፣ የመፈልፈያው ወፍራም፣ ሲደባለቁ ሁለቱም ወፍራም ይሆናሉ።

ከዚያ ወፍራሙን በትንሽ ገንዳ ለአንድ ቀን ያሳድሩት። ሲኮመጥጥ ዝልግልጉ ረግቶ እንደ ቅርፊት ይንሳፈፋል፤ ይግፈፉት። ኖራ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ የገባ ኖራ ዝልግልጉን እንደገና ይበትነዋል፤ በጆንያ የደፋችሁት ለዚህም ነው የባከነው። መጠኑን በባልዲ ፈትኑ፦ 20 ሊትር ፍሳሽ ውስጥ በትንሽ በትንሹ እያማሰላችሁ ኖራ ጨምሩ፤ የፒኤች ወረቀቱ 6.5 እስኪል። ባልዲው ለምሳሌ 30 ግራም ከወሰደ 100 ሜትር ኩብ 150 ኪሎ ይወስዳል ማለት ነው። ከ8 በላይ አታስኬዱት፤ ያኔ ከአሲድ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዳችሁ ያንኑ ሚቴን አምራች ታስቆማላችሁ።

ለኩሬው ስፋት፣ 20 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለበት አገር አንድ ሜትር ኩብ ኩሬ በቀን 300 ግራም የኦክስጅን ፍላጎት ይችላል። በቀን 20 ሜትር ኩብ ፍሳሽ በሊትር 5,000 ሚሊ ግራም ቢይዝ 100 ኪሎ ነው፤ 333 ሜትር ኩብ ኩሬ ይጠይቃል። ጥልቀቱ 3 ሜትር ይሁን፤ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ኩሬ ሽታ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ፍሳሹ ከናይትሮጂን የተራበ ስለሆነ ትንሽ ዩሪያም ይጠቅመዋል፤ ለ300 ኪሎ የኦክስጅን ፍላጎት 5 ኪሎ ናይትሮጂን፣ ማለትም 11 ኪሎ ዩሪያ ገደማ።

የብዙ ጣቢያዎች ትልቁ ስሕተት ግን ሌላ ነው፤ ቡናው ሲያልቅ ኩሬውን እስከ ታች ጠርጎ ማጽዳት። ታች ያለው ጥቁር ጭቃ ዓመቱን ሙሉ የደከማችሁበት ዘር ነው። ሢሶውን ተዉት፣ ውኃ ከላዩ አይጥፋ። አዲስ ኩሬ ከሆነ ሥራ ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት ትኩስ የከብት እበት በውኃ በጥብጣችሁ አስገቡ፤ የከብት ሆድ የሚቴን አምራቾች ቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከፍሳሹ ሩቡን ብቻ ስጡት። ቬቲቨር ሣር የሚተከለው ከኩሬው በኋላ ላለው ውኃ ነው። ጥሬ ፍሳሽ ሲለቀቅበት ሥሩ ይታፈናል፤ ከዚያ «ቬቲቨር አይሠራም» ይባላል።

ጥያቄ፦ ሞጆ ነው የምኖረው። ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣውን ክሮሚየም የሚበላ ባክቴሪያ አለ?

መልስ፦ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ዘይትና ስኳር ውሑዶች ናቸው፣ ሲሰባበሩ ወደ ውኃና ጋዝ ይሄዳሉ። ክሮሚየም ንጥረ ነገር ነው። ባክቴሪያ ማድረግ የሚችለው መርዛማውንና በቀላሉ የሚሟሟውን ክሮሚየም 6 ወደ ክሮሚየም 3 መለወጥ ነው፤ ይኸኛው በገለልተኛ ፒኤች ስለሚዘቅጥ ከውኃው ይለያል፤ ጭቃው ውስጥ ግን አለ። ቆዳ የሚለፋበት ራሱ ክሮሚየም 3 ነው። አደጋው ዝቃጩ ወይም የቆዳ ቁራጩ አየር ባለበት ሲቃጠል ነው፤ አመዱ ውስጥ ክሮሚየም 6 ሊወለድ ይችላል። የቆዳ ቁራጭ ለማገዶ አይጠቀሙ፣ አመዱንም ጓሮ አይበትኑ። በወንዙ ውኃ ሰላጣ የሚያለሙ ጎረቤቶች ካሉዎት ይህን ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ መቂ አካባቢ ቲማቲም እናመርታለን። የጀርባ መርጫችንን ሁልጊዜ የምናጥበው ጉድጓዱ አጠገብ ነው። ልጆች አሉና ፈርተናል፤ የእጥበቱን ውኃ የት እንድፋው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሚደፋው እንዲያንስ አድርጉ። የ16 ሊትር መርጫ ሲያልቅ 2 ሊትር ውኃ ጨምራችሁ፣ አናውጣችሁ፣ እዚያው ማሳው ላይ ርጩት፤ ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙ። ለቀሪው ስዊድኖች በ1990ዎቹ የጀመሩትን ባዮቤድ መሥራት ትችላላችሁ።

ከጉድጓዱ ራቅ ብላችሁ፣ ጎርፍ በማይገባበት ቦታ፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቅ ቆፍሩ። የስምጥ ሸለቆ አፈር አሸዋማ ነውና መጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር የተደለደለ ሸክላ አፈር። በዚያ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ ይገባል፦ አንድ ሜትር ኩብ የተቆራረጠ የስንዴ ጭድ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ የበሰለ ብስባሽ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ አፈር። አፈሩን ከራሳችሁ ማሳ ውሰዱ፤ ለዓመታት ኬሚካል ሲቀምስ የኖረ አፈር የለመደ ተህዋስ አለው። ድብልቁን አርጥባችሁ፣ ሸፍናችሁ ስድስት ሳምንት አቆዩት፤ ከዚያ ሣር ትከሉበት፤ ሣሩ ውኃውን ስቦ ያተናል፣ ሲደርቅ ወይም ሲጠወልግም ይነግራችኋል።

ዋናው ሠራተኛ እዚህ ጭዱን የሚያበሰብሰው ነጭ ሻጋታ ነው። የጭዱን ሊግኒን ለመስበር የሚረጨው ኢንዛይም የሚመርጥ አይደለም፤ ፀረ ተባዩንም አብሮ ይሰብረዋል። ዩሪያ ግን አትስጡት፤ ናይትሮጂን የጠገበ ሻጋታ ያንን ኢንዛይም ያቆማል። ለአዳማው ጠያቂ የመከርነው ተቃራኒውን መሆኑን ልብ ይሏል፤ ዘይትን የሚበላው ባክቴሪያ ተርቦ ነው የቆመው፣ ይህኛው ሲራብ ነው የሚሠራው።

ውኃውን አንድ ቦታ አትድፉት፣ በተን አድርጉት። ድብልቁ ሲሟሽሽ በየዓመቱ ጭድ ሙሉበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስትቀይሩት አሮጌው ድብልቅ ለአንድ ዓመት ተሸፍኖ ይቆይ። የመዳብ ፀረ ፈንገስ እዚያ ውስጥ አትድፉ፤ ምክንያቱ ለሞጆው ጠያቂ የተመለሰው ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቀድሞ ድራይ ክሊኒንግ የነበረ ሱቅ ልገዛ ነው። የሻጩ ሪፖርት ከሁለት ዓመት በፊት በከርሰ ምድር ውኃው ውስጥ ፒሲኢ (የድራይ ክሊኒንግ ማጠቢያ ኬሚካል) በሊትር 800 ማይክሮ ግራም እንደነበር ይናገራል። ዘንድሮ ፒሲኢ 10፣ ሲስ ዲሲኢ 60፣ ቪኒል ክሎራይድ 250 ነው። «ባክቴሪያው 60 ከመቶ አጽድቶታል» ይላል። ልመን?

መልስ፦ አይመኑ። ሻጩ የደመረው ክብደት ነው፤ 800 የነበረው 320 ሆነ። ነገር ግን ባክቴሪያዎቹ ፒሲኢ ላይ ካሉት አራት ክሎሪኖች አንድ በአንድ እየነቀሉ በምትኩ ሃይድሮጂን ይተክላሉ፤ ሞለኪዩሉ እየቀለለ ወደ ሲስ ዲሲኢ፣ ከዚያም ወደ ቪኒል ክሎራይድ ይለወጣል እንጂ ቁጥሩ አይቀንስም። የፒሲኢ ሞለኪዩል ክብደት 166፣ የሲስ ዲሲኢ 97፣ የቪኒል ክሎራይድ 62.5 ነው። 800ን ለ166 ቢያካፍሉ 4.8 ማይክሮ ሞል ይመጣል (ሞል የሞለኪዩሎች ቁጥር መለኪያ ነው)። የዘንድሮዎቹን እያንዳንዳቸውን በየክብደታቸው አካፍለው ይደምሩ፤ 4.7 ይመጣል። ምንም አልጸዳም ማለት ይቻላል፤ ስሙን ብቻ ቀየረ። የከፋው ደግሞ ቪኒል ክሎራይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ ነው፤ ለመጠጥ ውኃ የአሜሪካ ገደብ ለፒሲኢ 5 ሲሆን ለእሱ 2 ማይክሮ ግራም ነው።

ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው ኤቲን የተባለው ጉዳት የለሽ ጋዝ ሲወጣ ነው፤ ሪፖርቱ ኤቲን ለክቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ያንን የመጨረሻ እርምጃ የሚያደርሰው በዋናነት ዲሃሎኮኮይዲስ የተባለ፣ ኦክስጅን የሚገድለው ባክቴሪያ ነው። በ1997 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጥሎ የታወቀው ዝርያ ራሱ ቪኒል ክሎራይድ ላይ ሲደርስ ይዘገያል፤ ሁሉም ዝርያ ለዚያ የሚሆን ጂን የለውም። ስለዚህ «ቪሲአርኤ» የተባለው ጂን ምርመራ ይሠራልዎ፤ በሊትር አሥር ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ቅጂ ከተገኘ ተስፋ አለ። ከሌለ፣ የተባዛ ባክቴሪያ ገዝቶ መጨመር ትርጉም ከሚሰጥባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ ይህ ነው። ካለና ከቆመ ደግሞ ወይ ምግቡ አልቋል (ሃይድሮጂን እንዲያፈሩ የምግብ ዘይት ወይም ላክቴት ወደ መሬት ይወጋል)፣ ወይ ፒኤቹ ከ6 በታች ወርዷል።

ውኃውን ባይጠጡትም እንፋሎቱ በወለሉ ስንጥቅ ወደ ሱቁ ይወጣል። የቤት ውስጥ አየር ምርመራና ከወለሉ ሥር አየር የሚስብ ማራገቢያ፣ ራዶን ለሚባለው ከመሬት ለሚወጣ ጋዝ እንደሚደረገው፣ በሻጩ ወጪ እንዲሆን ከመፈረምዎ በፊት ይደራደሩ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ሴፕቲክ ታንካችን ባለፈው ወር ተመጦ ዛሬ ሞላ። እርሾና ስኳር ጨምሪበት ተብዬ ጨመርኩ። በረኪና ባክቴሪያውን ገድሎብኝ ይሆን?

መልስ፦ ለልብስ የሚገባ አንድ ኩባያ በረኪና ታንኩን አይገድለውም፤ አንድ ሙሉ ጠርሙስ በአንዴ ካልደፉ በስተቀር። እርሾውም ስኳሩም ትርፍ ነው፤ የሚገባው ዓይነ ምድር ራሱ በቂ ባክቴሪያ ያመጣል። በአንድ ወር የሞላ ታንክ የባክቴሪያ ችግር የለበትም። አንድ ሰው በዓመት የሚያከማቸው ዝቃጭ 40 ሊትር ያህል ነው፤ ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ የ3 ሜትር ኩብ ታንክን ሢሶ ለመሙላት አራት ዓመት ይፈጅበታል። እርስዎን የሞላዎት ውኃ ነው። ወይ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሌት ተቀን ያፈሳል፣ ወይ ማስረጊያው ጉድጓድ ተደፍኗል፣ ወይ በክረምት የከርሰ ምድር ውኃው በታንኩ ስንጥቅ ይገባል። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ የታንኩን ከፍታ በረጅም እንጨት ለኩ፤ ጠዋት ድገሙ። ከፍ ካለ ከውጭ እየገባ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ማስረጊያውን አስቆፍሩ። የሚቆፍረው ሰው ወደ ታንኩ ውስጥ እንዲወርድ ግን ፈጽሞ አትፍቀዱ፤ ውስጡ ያለው ጋዝ አንድ ትንፋሽ እንኳ ሳያስወስድ ሊገድል ይችላል፤ ሊያወጣው የሚወርደውንም ሰው አብሮ ያስቀረዋል።